ያልታጠቀውን የገደለ

ደም ስለፈሰሰበት ብቻ ጨዋታ የአዋቂ አይሆንም። ይህን ያልኩት ለልጄ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አልፏት፣ ደመወዝተኛ ሆና፣ ቅዳሜ ከሰዓት ኮምፒውተሯ ላይ ተደፍታ ሰው ስታርድ ባገኘኋት ቀን። ጭንቅላት ይበራል፣ አንጀት ይዘረገፋል፣ ግድግዳው ቀይ ይሆናል። ማሸጊያው ላይ «ለአዋቂዎች ብቻ» ተብሎ ተጽፎበታል። ከጀርባዋ ቆሜ ትንሽ አየሁና «ይሄማ የሕፃን ነው» አልኳት። ሳቀችብኝ። «አባዬ ደግሞ ስለ ጌም ምን ያውቃል?» አለች።

አውቃለሁ እንጂ። እኔ በደርግ ዘመን፣ አዳማን ናዝሬት እያልን በምንጠራበት ጊዜ፣ የቴሌቪዥን ጨዋታ ያጫወትኩ ሰው ነኝ። በዚያ ጨዋታ ሰበብ ሰው ወግቻለሁ። ልጄ ይህን አታውቅም። ስለ ጨዋታው ከመናገሬ በፊት ግን ስለ ወንድሜ መናገር አለብኝ፤ አለበለዚያ ነገሩ አይገባም።

በቀይ ሽብር ጊዜ ነው። ወንድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር፤ እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ። ጎህ ሲቀድ ሦስት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች በራችንን በሰደፍ ገንጥለው ገቡ። ሁለቱን አላውቃቸውም። ሦስተኛው ግን ከእኛ ሁለት በር አልፎ ተከራይቶ የሚኖር፣ እሁድ እሁድ ከወንድሜ ጋር ኳስ የሚጫወት ጎረምሳ ነበር። እናቴ የወንድሜን ወገብ አቅፋ አልለቅም ስትል ከማላውቃቸው አንዱ አፏን በሰደፍ መታት። ሁለት ጥርሷ ወለሉ ላይ ወደቀ። ወንድሜ «እማዬ፣ ልቀቂኝ፣ እመለሳለሁ» አላት። ለቀቀችው።

በማግስቱ ከአስፋልቱ ዳር፣ ከሌሎች አራት ልጆች ጋር ተደርድሮ አገኘነው። ደረቱ ላይ ወረቀት ለጥፈውበታል። ፊቱ ግማሹ የለም። ያለቀሰ ሰው የሟቾቹ ወገን ነው ተብሎ ስለሚያዝ፣ ጠባቂዎቹ የሚያዩት ሬሳውን ሳይሆን አላፊ አግዳሚውን ነበር። እናቴ ቅርጫቷን በክንዷ እንዳንጠለጠለች፣ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ፣ ገበያ እንደምትሄድ ሰው አለፈች። እኔም ተከትዬያት አለፍኩ። እውነትም ገበያ ደረስን። ጎመን ገዛን። ስንመለስ ሬሳዎቹ ተነስተዋል። የት እንደተቀበረ እስከ ዛሬ አናውቅም።

ለቅሶ አልተቀመጥንም፤ ፍራሽ አልተነጠፈም። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰባት ዓመት አላለቀሰችም። ሰው ሲሞት ትሄዳለች፣ ከሴቶቹ ጋር ትቀመጣለች፣ ዓይኗ ግን ደረቅ ነው። አንዳንዴ ልብስ እያጣጠፈች ድንገት ቆም ትልና «ለመሆኑ የመጨረሻ ቃሉ ምን ነበር ይሆን?» ትለኛለች። ሌላ ምንም አትጠይቅም፤ ይህችን ብቻ። ያቺ ጥያቄ ቤታችን ውስጥ አብራን ትኖር ነበር።

ያ ጎረቤታችን ግን ከተማችን ውስጥ ነበር። ሰፈር ቀየረ፣ መንጃ ፈቃድ አወጣ፣ ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም እየጫነ አዲስ አበባ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሹፌር ሆነ። መንገድ ላይ ስንገናኝ «ሰላም ነው?» ይለኛል። «ሰላም» እለዋለሁ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የማፍረው በዚህ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ሰላም አልኩት።

በሃያ ሦስት ዓመቴ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ ሬዲዮና ሰዓት የምጠግንበት ጠባብ ሱቅ ነበረኝ። አንድ ወዳጄ ባቡር ላይ ቲኬት ቆራጭ ነው፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ከጅቡቲ የሚገባ ዕቃ ሁሉ አንድ ጊዜ እጁን ሳይነካ የማያልፍ። አንድ ቀን መጽሐፍ ቅዱስ የሚያህል ጥቁር ሳጥን በብብቱ ሸጉጦ መጣ። «ከቴሌቪዥን ጋር ሲያያዝ ጨዋታ ይወጣዋል ብለውኝ ነበር» አለ። «እኔ ቤት የወጣው ጭስ ነው።» ከፍቼ አየሁት፤ አንድ ሽቦ ነው የተቃጠለው። ጠገንኩት። ሚስቱ ግን «ያ ጭሳም ሳጥን ሁለተኛ ቤቴ አይገባም» ስላለች ሱቄ ውስጥ ቀረ። ደንበኛዬ የነበረ ሰው ወደ ሌላ አገር ሲዛወር ትቶት የሄደ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነበረኝ። ቀን ቀን ስርጭት ስለሌለ እሱም ሥራ ፈቶ ነው የሚውለው። አገናኘኋቸው።

ጨዋታው ቀላል ነው። መስኮቶች ያሉት ግድግዳ ይታያል። በመስኮቶቹ ሰዎች ብቅ ይላሉ። ሰው ናቸው ካልተባልክ በቀር አራት ማዕዘን ነጫጭ ነገሮች ናቸው። ከአንዳንዱ ጎን ቀጭን መስመር ይወጣል፤ እሱ የታጠቀ ነው፤ ካልቀደምከው ይገድልሃል። መስመር የሌለው ያልታጠቀ ነው። ብቅ ይላል፣ ትንሽ ያያል፣ ተመልሶ ይገባል፤ ምንም አያደርግህም። ሳጥኑ ግን ለሁለቱም ያው ነው። የታጠቀውን ብትገድል አንድ ነጥብ፣ ያልታጠቀውን ብትገድል አንድ ነጥብ።

እሁድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ግዴታ ነበር። ሰዎቹ መፈክር ሲጮሁ አርፍደው ጉሮሯቸው ደርቆ በቀጥታ ወደ እኔ ይመጣሉ። ቲኬት ቆራጩ በሩን መለስ ያደርግና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከስብሰባ ወጥቶ ሰው መግደል እንዴት ደስ ይላል!» ይላል። ይገድሉ ነበር፣ ያገኙትን ሁሉ። ዳማ ላይ እንደለመድነው መሰዳደቡ የጨዋታው ግማሽ ነው። «አንተ እኮ ተራራ ብታነጣጥር ትስታለህ!» «በላት! ባልቴቷን በላት፣ ነጥብ ነች!» እኔም እጮህ ነበር። እንዲያውም ከሁሉም በላይ የምጮኸው እኔ ነበርኩ። አንዱን ነጭ ነገር በመታሁ ቁጥር የሆነ ነገር ከደረቴ ላይ የሚነሳልኝ ይመስለኝና ወዲያው ተመልሶ ይቀመጥብኛል።

ከሱቄ አጠገብ ያለው የእህል መጋዘን ዘበኛ የዝዋይ ማዶ ሰው ናቸው። ሽማግሌ፣ ቀጭን፣ ከዱላቸው የማይለዩ፤ ናዝሬት ከገቡ ሁለት ዓመታቸው ነው። በአገራቸው ቋንቋ አክብረን «ኦቦ» እንላቸዋለን። አንድ እሁድ በር ላይ ቆመው ሲያዩን ቆዩና በዱላቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆሙ።

«ይሄ አሁን የሞተው ምን አድርጎ ነው?»

«ምንም አላደረገም፣ ኦቦ፤ ነጥብ ነው» አላቸው ቲኬት ቆራጩ።

«ጉማውስ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጉማ በእሳቸው አገር የደም ካሳና የእርቅ ሥርዓት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ለቴሌቪዥን ሰው ጉማ ይከፈላል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። ሽማግሌው አልሳቁም።

«እኛ ሰፈር ሰው ገድሎ ቁጭ ብሎ የሚስቅ የለም። ገዳይ እርጥብ ሣር ይዞ ይመጣል። ሦስት ነገር ይጠየቃል። ማንን ገደልክ? የት ጣልከው? ሲሞት ምን አለ? ይሄን መመለስ ያልቻለ ጅብ እንጂ ሰው አይደለም። እርቅ የለውም።»

ቲኬት ቆራጩ ቀልድ አይለፈው። «እንግዲያው እኔ ልጠየቅ!» ብሎ ከቦዩ ዳር ሣር ነጭቶ መጣና የበሩ ደፍ ላይ ዘጭ አለ። ሽማግሌው አንደኛችንን የሟች አባት አድርገው ሾሙና መጠየቅ ጀመሩ።

«ማንን ገደልክ?»

«አንዱን ነጭ ነገር።»

«አባት የለውም? ሥራ የለውም?» ዱላቸው ወለሉን መታ።

«እሺ፣ እሺ። ወንጂ ሸንኮራ አገዳ የሚቆርጥ ሰው ነው።»

«የት ጣልከው?»

«መስኮቱ ላይ።»

«መስኮት ላይ ምን ይሠራል?»

ቲኬት ቆራጩ አሰበ። «ሚስቱ ወልዳለት፣ እናቷ እየመጣች እንደሆነ ሊያይ ብቅ ብሎ ነው» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ሚስቱ የወለደችለት እሱ ራሱ ነበር፤ ገና ሃያ ቀኗ ነው።

«ሲሞት ምን አለ?»

ያ አፈ ጮሌ ሣሩን ደፉ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ተነስቶ ሱሪውን አራገፈና «ሌላ ሰው ይጫወት» አለ።

ከዚያ እሁድ በኋላ ሥርዓት ሆነ። ያልታጠቀ የገደለ ደፉ ላይ ይቀመጣል፣ ሣር ይይዛል፣ ሦስቱን ይመልሳል። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። ቀስ በቀስ ግን እጃችን ከበደ። መስኮቱ ላይ ብቅ የሚለው ነገር ሥራና ቤተሰብ አበጀ፤ አንዷ በቅሎዋ የጠፋባት ሴት፣ አንዱ ቢሾፍቱ ለፈተና የሚሄድ ልጅ። የሞቱት ሰዎች ከገዳዮቹ ይልቅ ይታወቁን ጀመር። አንድ እሁድ ሙሉ አንድም ያልታጠቀ ሳይሞት ዋለ፤ የታጠቁት እየቀደሙ ሲገድሉን ማንም አልተቆጣም። ሳጥኑ ያው ሳጥን ነው፤ አንድ ሽቦ አልቀየርኩበትም። ልጄ፣ የአዋቂ ጨዋታ ምንድን ነው ብለሽ ብትጠይቂኝ የምልሽ ይህንን ነው። መግደልን ማንም ሕፃን ይችላል። አዋቂ የሚያደርግሽ የገደልሽውን ሰው ማንነት የሚጠይቅሽ ጨዋታ ነው። አንቺ ያሳየሽኝ ደሙን ያበዛዋል፣ ጥያቄውን ግን ረስቶታል።

ይህን የምለው እንደ መምህር እንዳይመስልሽ። እኔ ራሴ ፈተናውን ወድቄያለሁ።

ሹፌሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እሁድ ከሰዓት፣ የመኪናው ጎማ ተንፍሶበት፣ ጎሚስታው እስኪለጥፍለት ድረስ ጥላ ፍለጋ ሱቄ ገባ። ቤቱ ውስጥ ያሉት የከተማው ሰዎች ሁሉ ያውቁታል፤ ወንድሜንም ያውቁ ነበር። የማያውቁት ሽማግሌው ብቻ ናቸው። «ግባ፣ ኢልማ ኮ፣ ተጫወት» ብለው ቦታ ለቀቁለት። ልጄ ማለታቸው ነው።

ተጫወተ። እንደሱ የሚተኩስ ሰው አይቼ አላውቅም። መስመር አለው የለውም ብሎ አያይም፤ ብቅ ያለውን ሁሉ ያወርዳል። ነጥቡ ማናችንም ያልደረስንበት ደረሰና እጁን እያፋተገ «አንደኛ!» አለ። ያጨበጨበለት የለም። ሽማግሌው ሣሩን አቀበሉትና ሥርዓቱን አስረዱት። «የባላገር ነገር!» ብሎ ሳቀ፤ ግን በደስታ ደፉ ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌው ዙሪያውን አዩና በዱላቸው እኔን መረጡ።

«አንተ የሟች ወንድም ሁን። ጠይቀው።»

ቲኬት ቆራጩ «ኦቦ፣ ዛሬ ይቅር፣ ጎማው ሳይደርስለት አልቀረም» አለ። እኔ ግን ተነስቼ ፊቱ ቆሜ ነበር። በሥራ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ረጅሙ ካቻቢቴ ነበረ፤ ብሎን ስፈታበት የኖርኩት፣ ጫፉ በሥራ ብዛት የሳለ። እጄ እዚያ ገብቷል። መቼ እንደገባ አላውቅም።

«ማንን ገደልክ?» አልኩት።

«ተማሪ» አለ እየሳቀ። ከዚያ ቀና ብሎ የጠየቀውን ሰው አየ።

«የት ጣልከው?»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። በሩ ክፍት ነው፤ ተነስቶ መሄድ ይችል ነበር። እኔን ለማስጠፋት ቀበሌ ሄዶ አንድ ቃል መናገር ይበቃዋል፤ ይህንን እሱም እኔም እናውቃለን። ሣሩን በሁለት እጁ ያዘ።

«አስፋልት ዳር» አለ።

«አንተ ነህ የተኮስከው?» ይህ ከሦስቱ ጥያቄዎች ውስጥ የለም።

«እኔ ነኝ። ካልተኮስክ አብረህ ትሰለፋለህ አሉኝ።» ራሱን ለማዳን የሚናገር አልመሰለኝም። ቢመስለኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሲሞት ምን አለ?»

ጎሚስታው ጎማውን ሲደበድብ ይሰማል።

«ጫማውን ፈታ» አለ። «ፈትቶ በእጄ ሰጠኝ። ‹ለወንድሜ ስጥልኝ፣ የሱ ተቀዷል› አለኝ። ከዚያ ተኮስኩ። ላደርስልህ መጥቼ ነበር፤ በራችሁ ድረስ መጥቻለሁ። እናትህ አፏ አብጦ ከቤት ስትወጣ አየኋትና ሮጥኩ። ጣልኩት ብልህ ውሸት ነው። ሁለት ዓመት አደረግኩት። ልኬ ነበር።»

ወንድሜን አስፋልቱ ዳር ሳየው ባዶ እግሩን ነበር። ለሰባት ዓመት ገዳዮቹ ገፈውት ነው እያልኩ ኖሬያለሁ።

ተኮስኩ ሲል አልተንቀሳቀስኩም። «ልኬ ነበር» ሲል ግን ካቻቢቴው ከኪሴ ወጣ። ከአንገቱ ሥር፣ ከትከሻው አጥንት በታች ገባ። ሥጋው እንዴት እሺ እንዳለ፣ አጥንቱ እንዴት እንቢ እንዳለ እስከ ዛሬ መዳፌ ያስታውሰዋል። አልጮኸም። እንደሚያቃስት በሬ አንድ ጊዜ ተነፈሰ፤ ደሙ በሸሚዙ ላይ ወርዶ ሣሩን አራሰው። ስነቅለው ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ፤ ጣፈጠኝ። ሁለተኛውን ጉሮሮው ላይ ልሰነዝር እጄን አነሳሁ።

ሽማግሌው እንዴት እንደደረሱ አላየሁም። ያ ቀጭን ገላቸው ሹፌሩ ላይ ተደፍቶ፣ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው «ሁለተኛውን ከመታህ ይሄ ደፍ የአንተ ነው!» ብለው ጮኹ። «እዚህ የምትቀመጠው አንተ ነህ! ማንን ገደልክ ስትባል ምን ትላለህ? ምን አለ ስትባል ምን ትላለህ?»

አስተዋልኩት። ወንድሜ ምን እንዳለማ አውቃለሁ፤ አሁን ነገረኝ። የእናቴ ጥያቄ መልስ የሚገኘው ከዚህ ሰው አፍ ብቻ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያንን ጉሮሮ ልበሳ ነው። እጄ ወረደ። ቲኬት ቆራጩ ካቻቢቴውን ቀማኝና እያለቀሰ የሹፌሩን ቁስል በኮቱ ደፈነለት። ሹፌሩ ግድግዳውን ይዞ ተነሳ። ሲያልፈኝ አንዳችን ሌላውን አላየንም። ሐኪም ቤት የጭነት ሜንጦ ወጋኝ ብሎ መታከሙን በኋላ ሰማሁ። አልከሰሰኝም። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ስንተያይ ሰላም አንባባልም፤ ለእኔ ይህ ትልቅ እረፍት ነበር።

ቤት ስደርስ ገና ፀሐይ አልበረደችም። እናቴ ደጃፍ ላይ ምስር ትለቅማለች። እጅጌዬን አየችና ሰፌዱን አስቀመጠች።

«የማን ደም ነው?»

ነገርኳት። ከጨዋታው ጀምሮ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጫማው ላይ ስደርስ ግን ዘለልኩትና የወጋሁት ላይ ቆምኩ።

«ሞተ?» አለች።

«አልሞተም።»

«ተመስገን። እኔስ የገዳይ እናት አልሁን።» ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «የዘለልከው ነገር አለ። ልጄ ምን አለ?»

«ጫማዬን ለወንድሜ ስጥልኝ፣ የሱ ተቀዷል፣ አለ።»

እናቴ እግሬን አየች። ከዚያ ተነስታ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ በሩን ሁለቱንም ክንፍ ከፍታ ወደ መንገዱ ወጣች፤ በጠራራ ፀሐይ፣ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት በሚሰማበት ሰፈር፣ ደረቷን እየደቃች «ልጄን! ልጄን!» ብላ ጮኸች። «እማዬ፣ ይሰሙሻል» አልኳት።

ሰሙ። መጀመሪያ ከፊት ለፊታችን ያለችው ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ቀጥሎ ከዳቦ ቤቱ፣ ቀጥሎ ከጀርባ ካሉት ቤቶች። ወንዶቹ አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ገቡ፣ አንዱ ፍራሽ አነጠፈ። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።